ቃል የማልገባላችሁ አበባ

የዘንድሮውን የጸደይ ጉዞ ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በመጀመሪያው ላይ «በረሃው በአበባ ተሸፍኖ ታያላችሁ» ብዬ ነበር። በሁለተኛው ላይ «ጌታ ቢፈቅድ» የሚል ጨመርኩበት። ሦስተኛውን ስጀምር እጄ ቆመ። «ጌታ ቢፈቅድ» ያልኩት ራሴን ለፈቃዱ ለማስገዛት ሳይሆን፣ አበባው ባይገኝ ከወቀሳ ለማምለጥ እንደሆነ ገባኝ። አንድ ተራ ማስታወቂያ ለምን እንዲህ እንዳስቸገረኝ ለመንገር ግን ያለፈውን ዓመት ጥፋቴን ማውራት አለብኝ።

የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። በሳምንቱ ቀናት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በአማርኛ በምናመልክባት ቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን አስተምራለሁ። ከከተማችን በፓራምፕ በኩል ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ሲነዳ ዴዝ ቫሊ ይደረሳል፤ «የሞት ሸለቆ» ማለት ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1849 ወደ ካሊፎርኒያ ወርቅ ፍለጋ ሲጓዙ መንገድ ከሳቱ ሰዎች ነው። ባድዋተር የተባለው ቦታ ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ይወርዳል። ጁላይ 10 ቀን 1913 በዚያ ሸለቆ የተመዘገበው ሙቀት 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ነው። የአገራችንን ዳሎል በስም የምታውቁ ሁሉ ምን ዓይነት ምድር እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

ይህ ምድር ግን አንዳንድ ጸደይ ያብባል። በ1998፣ በ2005 እና በ2016 ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ለብሶ ነበር። አብዛኛው ቢጫ «የበረሃ ወርቅ» የሚሉት አበባ ነው። የ2016ቱን ፎቶግራፍ መጀመሪያ ያየሁ ቀን የመጣብኝ ያደግሁበት የደብረ ብርሃን መስክ ነው። በኋላ ሳነብ የበረሃ ወርቅና የእኛ አደይ አበባ ሁለቱም ከሱፍ ቤተሰብ መሆናቸውን አወቅሁ። ዘመዳሞች ናቸው።

ስሕተቴም የጀመረው ከዚሁ ዝምድና ነው። አደይ አበባ ቀጠሮ አክባሪ ነው። ክረምቱ ይዘንባል፣ መስከረም ይጠባል፣ አደይ ይፈነዳል። በልጅነቴ አበባ ይኖር ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም፤ ቀኑ ከደረሰ አበባው አለ። እኔም የሞት ሸለቆው አበባ እንዲሁ በቀን መቁጠሪያ የሚመጣ መሰለኝ። በ2025 መጀመሪያ ላይ በወጣቶች ፊት ቆሜ ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 35ን፣ ስለ በረሃው ማበብ የሚናገረውን ክፍል አነበብኩላቸው። ከዚያ «ማርች ላይ ይህን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ ምድሩ ቢጫ ምንጣፍ የተነጠፈበት ይመስላል» አልኳቸው። በምዕራፉ ውስጥ ቀን እንዳልተጻፈ ልብ አላልኩም።

ሰማዩንም አላየሁም። ከ2024 ጁላይ እስከ 2025 ፌብሯሪ ድረስ በከተማችን ከ200 ቀናት በላይ የሚለካ ዝናብ አልጣለም። የመኪናዬ የዝናብ መጥረጊያ ሳይሠራ ፀሐይ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። በየቀኑ እያየሁት ነበር የምነዳው። አበባ ከዝናብ እንደሚመጣ የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም፤ እኔ ግን እያወቅሁ ረሳሁት። ይህንን መርሳቴን ደግሞ እምነት ብዬ ጠራሁት።

በዚያው ሰሞን ሌላም ቃል ሰጥቼ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ አዲስ አበባ ነው፤ የመምጫው ጉዳይ ከተጀመረ ዓመታት አልፈዋል። በዓመቱ መጨረሻ የሌሊት ጸሎት ላይ ልጅቷ ስታለቅስ አየኋት። ሄጄ እጄን ጭኜ ጸለይኩላት። እዚያ ባበቃ መልካም ነበር። እኔ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ «ከፋሲካ በፊት አባትሽ እዚህ ከጎንሽ ይቀመጣል» አልኩ። ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። ማን ነገረኝ? ማንም። ልጅ ስታለቅስ ማየት አልቻልኩምና፣ ለቅሶዋን ቶሎ የሚያቆም ነገር ፈልጌ አገኘሁ።

ማርች ላይ በሁለት ቫን ሆነን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ልጆቹ ይዘምሩ ነበር። ሸለቆው ውስጥ ስንገባ መዝሙሩ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ጠጠር፣ ጨው፣ የደረቀ ቁጥቋጦ። ትንሽ ወደ ፊት ብንሄድ ይሻላል እያልኩ አሥር ማይል፣ እንደገና አሥር ማይል አስነዳሁ። በመጨረሻ መኪናዎቹን አቁመን ወረድን። ማንም አልተናገረም። ያቺ ልጅ ብቻ በመስኮት በኩል «ጋሼ፣ ይሄም እንደ አባዬ ነው?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ሌላ የማደርገው ጠፋኝ። ዛሬም ድረስ ከጥያቄው ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቅ ነው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ልጅ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ ሲል ጮኸ። ከአስፋልቱ ጠርዝ፣ ከመንገዱ ላይ የሚወርደው ጥቂት ውሃ በሚያርፍበት ቦታ፣ ከጣቴ የማትረዝም አንዲት የበረሃ ወርቅ ቆማለች። ጥሩ ዝናብ ባገኘ ዓመት ጉልበት የሚደርስ ተክል ነው። ይህችኛዋ ሁለት ሦስት ቅጠልና አንድ አበባ ብቻ ነበራት። ልጆቹ ተራ በተራ በሆዳቸው ተኝተው አዩዋት። ያቺ ልጅ ግን ከመኪናው አልወረደችም።

ቤቴ ስመለስ ቀድሜ ማንበብ የነበረብኝን ማንበብ ጀመርኩ። የእነዚህ አበቦች ሕይወት ከአንድ ወቅት አያልፍም፤ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት በዘርነት፣ አፈር ውስጥ ሆነው ነው። ብዙዎቹ ዘሮች እንዳይበቅሉ የሚከለክል ነገር በልባሳቸው ላይ አለ። ካፊያ አያጥበውም። በአንድ ጊዜ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ያህል የሚያርስ ዝናብ ሲጥል ታጥቦ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ዘሩ ይነቃል። ዘሩ ካፊያውን አምኖ ቢነሳ ኖሮ በሳምንቱ ደርቆ ይሞት ነበር። ስለዚህ ይቆያል፤ አንዳንዱ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ከነቃም በኋላ ክረምቱን ሙሉ እየተራራቀ የሚጥል ዝናብ፣ የሚበቃ የፀሐይ ሙቀትና ከሚያደርቅ ነፋስ ዕረፍት ይፈልጋል።

ብዙ ዝናብ ብቻውንም አይበቃም። በ2023 ኦገስት ላይ ሂላሪ የተባለው ማዕበል ርዝራዥ በአንድ ቀን የአንድ ዓመት ያህል ዝናብ አወረደ። መንገዶች ተሰባበሩ፣ ፓርኩ ለሁለት ወር ያህል ተዘጋ፣ ባድዋተር ላይ ሐይቅ ተኛ። ይህን ያየ ሰው «የሚቀጥለው ጸደይ ጉድ ያሳየናል» ቢል አይፈረድበትም። የ2024 ጸደይ ግን እንደ 2016ቱ አልሆነም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ የአበባው ነገር አልነበረም። ፋሲካ ደርሶ አለፈ። አባቷ አልመጣም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ቡና አፈላች። ሁለተኛው ስኒ ሲቀዳ የመጣሁበትን ተናገርኩ። «ከፋሲካ በፊት ይመጣል ያልኩት ከራሴ ነው። ጌታ አልነገረኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። እናቷ ቶሎ ብላ «ኧረ ወንድሜ፣ ለበጎ ብለህ ነው፤ ምን አጠፋህ?» አለችኝ። ልሰማ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፤ ይህን ይዤ ብወጣ ቀልሎኝ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ልጅቷ ግን ገና አልተናገረችም።

ጠበቅሁ። ብዙ ከቆየች በኋላ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ወንበር ይዤለት ነበር» አለች።

ያኔ ትዝ አለኝ። ከዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ በየእሑዱ ቦርሳዋን ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ ታስቀምጥ ነበር። አንድ እሑድ ሰው ሞልቶ ቦታ ሲጠፋ፣ እኔው ራሴ ሄጄ «ቦርሳሽን አንሺ፣ ሰው ይቀመጥበት» ብያታለሁ። አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው፤ ምንም አላለችም።

ያን ቀን እናቷ ፊት አለቀስኩ። ልጅቷ ይቅር ማለቷን በቃል አልነገረችኝም። ስነሳ ግን በሩ ድረስ ሸኘችኝና «ካሁን በኋላ ስለ አባዬ ቀን አይንገሩኝ። መጸለዩን ግን አይተዉ» አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ። አባቷ ይህን እስከምጽፍበት ቀን አልመጣም። በየሳምንቱ እንጸልያለን፤ ቀን አልጠራም።

ውድ ወጣቶች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ተስፋ አታድርጉ ለማለት አይደለም። ዘሩ አፈር ውስጥ መኖሩ እውነት ነው። ዘሩ መኖሩን ማመንና «በዚህ ማርች ያብባል» ብሎ ለሰው መማል ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሰውን ያጽናናል። ሁለተኛው ግን የሌላውን ሰው ልብ መያዣ አድርጎ መበደር ነው፤ ዕዳው ሲመጣ የሚከፍለው ቃል የሰጠው ሳይሆን ያመነው ነው። ጓደኛችሁ ሲያዝን ቶሎ የሚያስቀው ቃል ካጣችሁ፣ ዝም ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። እኔ ያን ሌሊት ያቃተኝ ይህ ብቻ ነበር።

ስለዚህ የዘንድሮውን ጉዞ በሌላ መንገድ እያዘጋጀን ነው። ከመኸር ጀምሮ አንድ ደብተር አለን። በየቅዳሜው አንድ ልጅ በተራው ሸለቆው ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደዘነበ አይቶ ይጽፋል፤ ያልዘነበ ሳምንት ላይ «ዜሮ» ብሎ ይጽፋል። ዜሮ መጻፍንም መማር አለብን። ማርች ውስጥ ሦስት ቅዳሜዎችን ክፍት አድርገናል። ፓርኩ በጸደይ ስለ አበባው ሁኔታ መግለጫ ያወጣልና፣ ከሦስቱ አንዱን ከአሥር ቀን በፊት እንመርጣለን። በሸለቆው ወለል ላይ አበባ ካለ የሚታየው ከፌብሯሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ ከ900 ሜትር በላይ ባለው ተዳፋት ላይ እስከ ሜይ መጀመሪያ፣ ከዚያም ከፍ ባሉት ተራሮች ላይ እስከ ጁላይ ይገኛል። ታች ካለፈን ወደ ላይ እንወጣለን።

ለእያንዳንዱ ሰው አራት ሊትር ውሃ ይያዛል። ነዳጅ ፓራምፕ ላይ ይሞላል። በአብዛኛው ቦታ ስልክ ስለማይሠራ የወረቀት ካርታ አዘጋጅተናል። አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው፤ የተቀጠፈ አበባ ዘር አይጥልም፣ ዘር ያልጣለ ደግሞ ለሚመጡት ዓመታት ምንም አይተውም። ፋሲሊያ የሚባለውን ሐምራዊ አበባ መንካትም ጥሩ አይደለም፤ ጸጉሩ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል። ሮዝ ሆኖ በውስጡ አምስት ቀይ ነጥብ ያለበት አበባ ያየ ግን ሁላችንንም ይጥራን።

አራተኛውን ማስታወቂያ ስጨርስ ከመለጠፌ በፊት ለዚያች ልጅ ላክሁላት። «አበባ እናያለን» የሚል አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። በማግስቱ መለሰችልኝ። ሌላውን አልነካችውም፤ «እናያለን» የሚለውን ብቻ ሰርዛ «እንፈልጋለን» ብላ ጽፋበታለች። ከታች ደግሞ የሚሄዱ ሰዎች ስም በሚሞላበት ቦታ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ የራሷን ስም አስገብታለች።

እንዳለ ለጠፍኩት።