ልጁ ልክ ነበር



አንድ ያሳፈረኝን ነገር ላጫውታችሁ። ባለፈው ጥር ከመካነ ሰላም ተነስተን ከመድረሳ ልጆች ጋር ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሄድን፤ ብዙዎቻችን ደንቆሮ ጫካ የምንለው ነው። አንድ ያረጀ ኮሶ ሥር አረፍ እንዳልን ግንድ ሲቆረቆር ሰማን። ቀና ብንል ማጅራቱ ደማቅ ቀይ የሆነ ግንደ ቆርቁር ነው። ጥቂት ቆይቶ ሌላ መጣ፤ የዚህኛው ጭንቅላት ግን ቡናማ ነው፣ ቀይ የሚባል የለበትም።

«ሁለት ዓይነት ወፎች ናቸው» አልኩ በሙሉ ልብ።

አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ኡስታዝ፣ ወንድና ሴት ቢሆኑስ? ጀርባቸው እኮ አንድ ነው» አለ።

«አንተ ደግሞ የማታውቀውን አታውራ!» አልኩት። ጓደኞቹ ሳቁበት። እስክንመለስ ድረስ ቃል አልተነፈሰም።

ማታ ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝና በስልኬ ስለ ወፎቹ ማንበብ ጀመርኩ። ልጁ ልክ ነበር። ያየነው የሐበሻ ግንደ ቆርቁር የሚባለውን ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም አይገኝም። የወንዱ አናትና ማጅራት ቀይ ነው፣ ሴቷ ግን ጭንቅላቷ ላይ ቀይ የላትም። አንድ ዓይነት መሆናቸው የሚታወቀው በሌላ ነው፦ ጀርባቸው ወርቅማ አረንጓዴ ነው፣ ከጅራታቸው ከፍ ብሎ ቀይ አለ፣ ደረታቸው ላይ ደግሞ ጠቆር ያለ ጭረት ቁልቁል ይወርዳል።

ከእርሱ ጋር የሚያምታቱም አሉ። ግራጫው ግንደ ቆርቁር ወንዱ አናቱ ቀይ ነው፤ ደረቱ ግን ጭረት የሌለው ግራጫ ነው። ሞቃት አገር የሚወደው የኑቢያው ግንደ ቆርቁር ደግሞ ደረቱ ላይ ያለው ነጠብጣብ ነው። ስለዚህ አናቱን ብቻ አይቶ የፈረደ ይሳሳታል። እኔ ያየሁት አናቱን ነው፤ ልጁ ግን ጀርባቸውን አስተያይቶ ነበር።

በማግስቱ ደርስ ከመጀመሬ በፊት፣ በሳቁበት ልጆች ፊት «ትናንት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ልክ የነበርከው አንተ ነህ። አፉ በለኝ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ቃሉ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ልጁ አንገቱን እንደ ደፋ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በደርስ መሀል እጁን አውጥቶ መጠየቅ ጀምሯል።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ታናናሾቻችሁን ስታስተምሩ የማታውቁትን «አላውቅም፣ አብረን እንይ» በሏቸው። የሳትኩት የወፍ ስም በአንድ ሌሊት ንባብ ተቃንቷል። ያን ልጅ ዝም አሰኝቼው ቀርቼ ቢሆን ግን በምን አቃናው ነበር?

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።