ዶቃ ፍለጋ ወደ አርብ ገበያ

 

የዛሬው ጉዟችን ወደ ታላቅ መስጊድ ወይም ስመ ጥር ዑለማዎች ወደ ተነሡበት መንደር አይደለም። ወደ አንድ የገጠር ከተማ ገበያ ነው፤ የሄድንበትም ጉዳይ ዶቃ ነው። «ለዶቃ ደግሞ ይህን ያህል መንገድ!» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም ስንነሣ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም ነበር። በምናስተምርበት ትምህርት ቤት ለሴት ልጆች የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ዶቃ ቸግሮን ሳለ፣ የጋይንት ተወላጅ የሆነ አንድ ባልደረባችን «ከሱቅ ፕላስቲክ ከምትገዙ አርብ ገበያ ውረዱ፤ በየዓይነቱ ታገኛላችሁ» አለን። ይህ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ወደዚያ አልተመለስንምና የምንጽፈው ያኔ ያየነውን ነው።

ከባሕር ዳር ተነሥተን በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ገብተን አደርን። ደብረ ታቦር የእጅ ባለሙያ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያው አጠገብ ባለችው ጋፋት ነበር። በ1860 ዓ.ም. ያን የሚያህል ብረት በሰው ጉልበት እያስጎተቱ መቅደላ ያደረሱትም በጋይንት በኩል አድርገው ነው። እኛ በሚኒባስ ተሣፍረን ስለ መንገዱ ብናማርር ያስተዛዝባል። ብቻ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉናን ተራራ በቀኝ ትተን፣ ብርዱን ችለን፣ ከዋናው የወረታ ወልድያ መንገድ ወደ ደቡብ ታጥፈን አቧራ ስንጠጣ ውለን ሐሙስ ማታ አርብ ገበያ ገባን።

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ወደ በሽሎ ወንዝ እያዘቀዘቀ ይሄዳል፤ ከወንዙ ማዶ ወሎ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን ሲሆን ሙስሊሙ ጥቂት ነው። ገበያውም ስሟ እንደሚናገረው በዕለተ ጁሙዓ ይቆማል። ይህን ስንሰማ መጀመሪያ ያሳሰበን ነገር ዶቃው አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቁት ገበያና የጁሙዓ ሰላት በአንድ ቀን፣ እንዲያውም በአንድ ሰዓት ሲገናኙ እነዚህ ጥቂት ሙስሊሞች ምን ያደርጉ ይሆን? አልን።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የዶቃ ሻጮቹን መደብ አገኘን። ሴቶቹ ጆንያ አንጥፈው፣ ሸቀጡን በሰፌድ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከቻይና የመጣው ፕላስቲክ እዚህም ደርሷል። ከእሱ ጎን ግን ደቃቅ የብርጭቆ ጨሌ፣ ከናስ የተቀጠቀጠ ዶቃ፣ ዛጎል፣ የእንጨት መቁጠሪያ፣ አልፎ አልፎም ከብር የተሠራ ድሪ ይታያል። ዓይናችን ያረፈው በአንዲት ሃምሳ ዓመት በሚሆናቸው ሙስሊም እናት ላይ ነው። ስማቸውን አንጠቅስም፤ እኛ «እማማ» እያልን ጠራናቸው፣ እሳቸውም መምህር መሆናችንን ሲሰሙ «ኡስታዝ» አሉን።

እማማ ዶቃ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚያዩት ቀለሙን አይደለም፤ ቀዳዳውን ነው። ቀጭን የጥጥ ፈትል በቀዳዳው አሾልከው ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይስቡታል። ፈትሉ ከተበጣጠሰ ዶቃው ምንም ቢያምር ወደ ጎን ይጣላል፤ ጠርዙ ስለት አለውና ውሎ አድሮ ክሩን ይቆርጠዋል። የሚሰኩበትን ክር በሰም ያሹታል። ከብሩ ዶቃ ግራና ቀኝ ደግሞ ትንሽ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። «ክር መበጠሱ አይቀርም፤ ሲበጠስ ግን አንዷ ብቻ ትውደቅ እንጂ ሁሉም አይበተን» አሉን። እኛ ስንት ዓመት ልጆች ስናስተምር ይህን አላወቅንም ነበር።

ከእማማ መደብ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ አንጥረኛ ሽማግሌ ወናፋቸውን ይዘው ይሠራሉ። የብር ዶቃ አሠራሩን በዓይናችን አየን። ብሩ ይቀልጣል፤ ተቀጥቅጦ እንደ ቅጠል ይሳሳል፤ በክብ ይቆረጥና ጎድጓዳ ባለው ብረት ላይ ተመቶ ግማሽ እንቁላል ይመስላል። ሁለቱን ግማሾች ገጥመው፣ ቦራክስ የሚሉትን ነጭ ዱቄትና የብርና የመዳብ ሙራጅ ስፌቱ ላይ ነስንሰው በእሳት ያጣብቋቸዋል። ጥሬ ዕቃው ብዙውን ጊዜ የድሮው ጠገራ ብር፣ ማለትም 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ያለበት ማርትሬዛ ነው።

እዚያ ቆመን ሳለ አንዲት ሴት የእናቷን ድሪ ይዛ መጣች። የብር ዶቃና የብርጭቆ ጨሌ የተቀላቀለበት ነው። በእሱ ምትክ አዲስ የብር አምባር ልትወስድ ትፈልጋለች። ሽማግሌው ድሪውን በቀጥታ ሚዛን ላይ አላስቀመጡም። ክሩን በመቀስ ቆረጡና ሁሉንም ትሪ ላይ አፈሰሱት። ከዚያ ብሩን ለብቻ ለቀሙ፣ ጨሌውን በጨርቅ ቋጥረው «ይሄ የአንቺ ነው» ብለው መለሱላት። ብሩን በብር ክብደት ልክ ለወጡና የእጃቸውን ዋጋ በተለይ በገንዘብ ተቀበሉ።

አንባቢ ሆይ! እኛ በዚያች ሰዓት የተሰማንን እንዴት እንንገርህ? በመድረሳ ሳለን የፈዳላ ኢብን ዑበይድን (ረ.ዐ) ሐዲሥ ተምረናል። በኸይበር ዘመቻ ወቅት ወርቅና ዶቃ ያለበትን የአንገት ጌጥ በ12 ዲናር ገዙ። በኋላ ለያይተው ሲያዩት ወርቁ ብቻ ከ12 ዲናር በልጦ ተገኘ። ነገሩን ለአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሯቸው እንዲህ ያለው ጌጥ ሳይለያይ እንዳይሸጥ አዘዙ። ሙስሊም ዘግበውታል። እኛ ሐዲሡን ለፈተና ሸምድደን አለፍነው፤ ስለ ምን ዓይነት ጌጥ እንደሚናገር አስበንበት አናውቅም። ሽማግሌው ግን ሐዲሡን ጠቅሰው ሊነግሩን አልቻሉም፤ «አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው» አሉን እንጂ። የትኛችን ነው የተማረው?

ነገር ካነሣን አይቀር፣ ጠገራ ብር በሣጥን ላስቀመጣችሁ ቤተሰቦች አንድ ስሌት እናንሣ። አንዱ ማርትሬዛ ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ገደማ ይሆናል። የብር ዘካ ኒሳብ 200 ድርሃም፣ በዛሬው ሚዛን 595 ግራም ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ 26 ጠገራ ያለው ሰው ኒሳብ ሞልቶለታል ማለት ነው። ሴት ለጌጥ የምታደርገውን በተመለከተ የሐነፊ መዝሀብ ዘካ አለበት ሲል የሻፊዒ መዝሀብ በተለመደው ጌጥ ላይ የለበትም ይላል። በሣጥን ተቆልፎ የተቀመጠው ሳንቲም ግን ጌጥ አይደለም።

የጋይንት ሙስሊም ከንግድና ከእጅ ሥራ ጋር የተቆራኘው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀድሞው ዘመን በጎንደር አገር ሙስሊም የርስት ባለቤት አይሆንም ነበር። በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም. ገደማ፣ በጎንደር ከተማ ሙስሊሞች ሰፈራቸው እንዲለይ ታዘዘ። መሬት የተከለከለ ሰው ሚዛን፣ ሸማና መዶሻ ያዘ። ይፋግና ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች መናኸሪያ የሆኑት በዚሁ ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን የቬኒስ የብርጭቆ ዶቃ በየገበያው ያዳረሱትም ነጋዴዎች ናቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ ነገሩ ብዙም አልተለወጠም። ከዚያ በላይ ደግሞ ስድቡ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ ቢያውጁም ስድቡ በዐዋጅ አልጠፋም። አላህ (ሱ.ወ) ብረትን ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) እንዳገራላቸው የሚያነብ ሰው አንጥረኛን እንዴት ይንቃል?

ወደ ገበያው እንመለስ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ገበያው ደመቀ፤ ከሩቅ የመጣው ሁሉ የሚገዛው በዚያች ሰዓት ነው። ሽማግሌው ወናፋቸውን አስቀመጡ። የሠሩትን ሁሉ በጋቢ ሸፈኑና አጠገባቸው ጨው የሚሸጡትን ክርስቲያን ጎረቤታቸውን «አደራ» ብለው ተነሡ። ሰውየውም «ሂዱ፣ እኔ አለሁ» ከማለት በቀር ቀና ብለው እንኳ አላዩም፤ በየሳምንቱ የሚደረግ መሆኑ ያስታውቃል። አንድ ገዢ እየተከተለ «ይቺን ብቻ ሽጡልኝና ሂዱ» ቢላቸውም «ስመለስ» ብለውት አለፉ።

የሱረቱል ጁሙዓ 9ኛውና 10ኛው አንቀጽ ጥሪው ሲሰማ መሸጥ መግዛቱን ትቶ ወደ ሰላት መሄድን፣ ሰላቱ ሲያልቅም በምድር ተበትኖ ሲሳይን መፈለግን ያዛሉ። 11ኛው አንቀጽ የወረደበት ምክንያት ደግሞ ያስደነግጣል። መዲና ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ ላይ ሳሉ የንግድ ቅፍለት በመምጣቱ ሰዉ ወደዚያ ሮጦ 12 ሰዎች ብቻ ቀሩ። እኛ መንገደኞች ስለሆንን ጁሙዓው ግዴታ ባይሆንብንም አብረን ሄደን ሰገድን። ከተማ ውስጥ ሱቃችን በር ላይ መስጊድ እያለልን ኹጥባው ሲያልቅ የምንደርሰውን ሰዎች አስበን አፈርን።

እማማ ጁሙዓ የማይገደዱ ሴት በመሆናቸው ከመደባቸው አልተነሡም። ስንመለስ ግን ፊታቸው ልክ አልነበረም። አንዲት ገዢ መጥታ ቀይና ጥቁር ጨሌ ስትመርጥ «ለልጅሽ ነው?» ብለው ጠየቋት። ሴትዮዋም ውቃቢዬ ጠይቆኝ ነው አለች። «ለልጅ አንገት ከሆነ ውሰጂ፤ ለእሱ ከሆነ የለኝም» ብለው መለሷት። ሴትዮዋ ሁለት መደብ አልፋ ከሌላ ሻጭ ሳትከራከር ገዛች።

«ዛር አለብኝ የሚል ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ ግማሹ ገበያዬ እሱ ነበር» አሉን። መሸጥ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያው ዓመት ደብረ ታቦር የምትማረው ልጃቸው የቤት ኪራይ ጠፍቶ ትምህርቷን አቋርጣ ነበር። «ዶቃው ያው ዶቃ ነው፤ ከኔ ባትገዛ ከጎረቤቴ ትገዛለች። እኔ መተዌ ምን ለወጠ? እስቲ ኡስታዝ፣ ልክ ነኝ ወይ?»

የምናውቀውን ነገርናቸው። አሥር ሆነው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመጡት ሰዎች የዘጠኙን ቃል ኪዳን ተቀብለው አንዱን ያቆዩት በላዩ ላይ ክታብ አንጠልጥሎ ስለነበረ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ተቀበሉት። ኢማም አሕመድ ዘግበውታል። ገዢው ለሐራም እንደሚያውለው እያወቁ መሸጥን፣ ወይን ለጠጅ ጠማቂ እንደ መሸጥ ያለውን፣ ዑለማዎች ከልክለዋል። ያልነገራቸውን ሰው ሁሉ ግን መመርመር አይጠበቅባቸውም። ዶቃ በራሱ ነውር የለበትም፤ የምእመናን እናት ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንገት ጌጥ በጉዞ ላይ ተበጥሶ ሲጠፋ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሱን ለማስፈለግ ሠራዊቱን ውሃ በሌለበት ቦታ አቆሙት፤ የተየሙም አንቀጽ የወረደው በዚያ ምክንያት ነው። ጌጡም ግመሉ ሲነሣ ከሥሩ ተገኘ።

ይህን ስንላቸው ፊታቸው በራ። እኛ ግን ደመወዝተኞች ነን፤ በየወሩ መጨረሻ የሚገባልን ገንዘብ ቀለም መርጦ የሚሸጥ አይደለም። መልሱን መስጠት ለኛ ቀላል እንደነበረ እዚያው ቆመን ገባን። ልጅቱ እንደ ተመለሰች ጠየቅናቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ገብታለች» አሉ። በእጃችን ለነበረው ገንዘብ ሁሉ ዶቃ ገዛን፤ ከዚያም በኋላ ሁለት ጊዜ በሰው አስልከናል።

ዶቃው ሲያልቅ ልጆቹ በራሳቸው መሥራት ጀመሩ። በሞሪታንያዋ ኪፋ ከተማ ሙስሊም እናቶች ስብርባሪ ብርጭቆ ደቁሰው፣ በሙጫ ለውሰው፣ በሰርዲን ቆርቆሮ ውስጥ በከሰል ፍም ጋግረው ዓለም የሚያደንቀውን ዶቃ እንደሚሠሩ ነገርናቸው። በአገራችንም በእንጦጦ ከተኩስ የተረፈ ቀለህ አቅልጠው ዶቃ የሚሠሩ እናቶች አሉ። እኛ እሳትም ብርጭቆም ስለሌለን በወረቀት ጀመርን። ወረቀቱ ታችኛው ወርዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ሠላሳ በሆነ ሾጣጣ ቅርጽ ይቆረጣል። ከሰፊው ወገን ጀምሮ በመጥረጊያ ስንጥር ላይ ይጠቀለላል፤ ጫፉ በሙጫ ይያዝና ከደረቀ በኋላ ቫርኒሽ ይቀባል።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ቀለሙ ያማረ ብላ የዚህችኑ መጽሔት አሮጌ እትም ይዛ መቀስ አነሣች። ገጹ ላይ አንቀጽ ነበረበት፤ ደርሰን አስጣልናት። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ካርቶን አለ። የአላህ ስም ያለበት በአንዱ፣ የሳሙና ማስታወቂያው በሌላው ይገባል። ልጆቹ መቀስ ከማንሣታቸው በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፊትና ጀርባውን ያነባሉ፤ ሥራው አዝግሟል፤ በክፍለ ጊዜ ከአምስት ዶቃ የሚበልጥ የሚሠራ የለም።