አዲሱ መምህር

በእነዚህ ባለፉት ዓመታት የሠራተኛው ሁሉ የትምህርት ማስረጃ ይመርመር ተብሎ፥ ሐሰተኛ ዲግሪና ዲፕሎማ ይዘው የተገኙ ሰዎች ወሬ በየስብሰባውና በየቡና ቤቱ ሲነገር ከርሟል። እኔም በመምህርነት ሠላሳ ስምንት ዓመት ኖሬ በ2000 ዓ. ም. ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ የሚያውቁኝ ሁሉ፥ «ለመሆኑ በእርስዎ ዘመን ሐሰተኛ መምህር ገጥሞዎት ያውቃል?» እያሉ ይጠይቁኛል። «በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ብዬ እመልሳለሁ። ሽማግሌ ሰው እንዲህ ሲል ማንም አይጠራጠረውም። ነገር ግን እውነት አይደለም። አንድ ሐሰተኛ መምህር ዐውቃለሁ፤ ማወቅ ብቻም አይደለም፥ መምህርነቱን ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በ1965 ዓ. ም. ነው። ከደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር፤ ዕድሜዬም ሃያ አምስት አልሞላም። የምሠራው ከደሴ ወደ ሰሜን በሚሄደው የመኪና መንገድ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበር፤ ስሟን አልጠራም። በወረቀት ላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ምክትል ዲሬክተር እባል ነበር። ሥራው ግን ከዋርካው ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በሰዓቱ ማስደወል፥ ጠመኔ ቈጥሮ ማደልና የስም መጥሪያ መዝገቦችን በየሳምንቱ መሰብሰብ ነበር።

የዚያን ዓመት ነገር አንባቢ ከታሪክ መጻሕፍት ያውቀዋል። ዝናቡ ከድቶ፥ ከብቱ አልቆ፥ የወሎ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ ልጆቹን እያስከተለ ወደ መኪናው መንገድ ወጣ። ከላይ ያሉት ሰዎች ግን ረኃብ ገባ የሚለውን ቃል መስማት አልወደዱም፤ ስለዚህ ቃሉን ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም። እኛ መምህራን ረኃቡን አስቀድመን ያየነው በመዝገብ ላይ ነው። በመስከረም አራት አራት ልጅ ይቀመጥበት የነበረው አግዳሚ ወንበር በጥር ሁለት ልጅ ብቻ ያዘ። በመዝገቡ ላይ ከስሙ ትይዩ የሚደረገው የ«ቀሪ» ምልክት መጀመሪያ አልፎ አልፎ፥ በኋላ ግን እንደ ጕንዳን ሰልፍ እየተከታተለ ገጹን ሞላው።

የአራተኛ ክፍሉ መምህር እኩያዬና ጓደኛዬ ነበር። እርሱ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨመረና ከላዩ «የቀረበት ምክንያት» ብሎ ጻፈበት። በየቅዳሜው በእግሩ ወደ ገጠር እየወጣ የቀሩትን ልጆች ቤት ይጠይቃል፤ ሰኞ ጧት ሲመለስ በዓምዱ ውስጥ «ታመመ»፥ «ተሰደደ»፥ «ሞተች» እያለ ይሞላል። እየቈየም የሌሎቹን ክፍሎች ሁሉ ከእኔ እየተዋሰ እንዲሁ ያደርግ ጀመር። ወዴት እንደሚልከው አልጠየቅሁትም። መላኩን ግን ዐውቅ ነበር።

አዲሱ መምህር የመጣው በጥር፥ ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ ነው። መምህር የሚዛወረው በክረምት ነው፤ በዓመቱ እኩሌታ ተዛውሮ የመጣ መምህር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የያዘው ደብዳቤ ቍጥር አለው፥ ቀን አለው፥ ማኅተሙም እውነተኛ ነው። ዛሬ ስለ ሐሰተኛ ማስረጃ ሲወራ ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የዚያ ሰው ወረቀት በየትኛውም መርማሪ ፊት የሚያልፍ ነበር። ሐሰተኛው ወረቀቱን የያዘው ሰው ነበር።

ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት የሚጠጋ፥ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፥ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነው። ሦስተኛ ክፍል ተሰጠው። በሦስተኛው ቀን በመስኮት በኩል ሳልፍ አየሁት። ጠመኔውን እንደ እርሳስ በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ሲጫነው ይሰበርበታል፤ ጽሕፈቱ ከሰሌዳው አናት ጀምሮ ቍልቍል እየወረደ ግርጌ ይደርሳል፤ ጀርባውን ለልጆቹ ሰጥቶ ብዙ ይቆያል። የባንዲራ ሰልፍ ላይ ግን ተረከዙን ገጥሞ ሲቆም ከእርሱ የሚስተካከል የለም። ማታ ሻይ ስንጠጣ ከየት እንደ ተመረቀ ጠየቅሁት። «ከደብረ ብርሃን፥ በ1960 ዓ. ም.» አለኝ። «ብርዱንስ እንዴት ቻሉት?» ብለው፥ «ደኅና ነበር» አለ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ደኅና ነበር የሚል ሰው አንድ ሌሊት እንኳ እዚያ አላደረም።

ወደ ዲሬክተራችን ሄጄ ነገርሁ። ዲሬክተሩ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሽማግሌ ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ሲያብሱ ቈዩና፥ «ልጄ፥ ይህ ሰው ደመወዙን ከእኛ ጋራ ሲፈርም አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። «እንግዲያማ ከየት እንደሚበላ አትጠይቅ። ዝም አይነቅዝም» አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ጆሮ ጠቢ ነው። በዚያው ሳምንት ሰውየው የቀሩ ልጆችን ነገር፥ መዝገብ የሚያስቀምጠው ማን እንደ ሆነ፥ መምህራን በቅዳሜ ወዴት እንደሚሄዱ ለስለስ አድርጎ ይጠይቅ ጀመር።

ለጓደኛዬ መንገር ይገባኝ ነበር። አልነገርሁትም። ነገ እነግረዋለሁ እያልሁ ነገ ሲደርስ ደግሞ ለሌላ ነገ አሳድረው ነበር። ብነግረውና ቢቆጣ፥ በተቆጣም ጊዜ ከማን እንደ ሰማ ቢናገር፥ የምታሰረው እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። ስለ ፍርሃት ብዙ የሚያምር ቃል ሊጻፍ ይችላል፤ የእኔ ግን ተራ ፍርሃት ነበር፥ የደመወዝና የአልጋ ፍርሃት።

በመጋቢት አንድ ማታ ደጄ ተንኳኳ። አዲሱ መምህር ፋኖስ ይዞ፥ ደብተር በብብቱ ሸጕጦ ቆሟል። «መምህር፥ አንድ ነገር ላስቸግርዎ መጣሁ። ክፍልፋይ ለልጅ የሚነገረው እንዴት ነው?» አለኝ። ሁለት ቀን ሲያስተምር ውሎ ልጆቹ አልገባን ብለውታል። ሳቄ መጣ፥ ግን ዋጥሁት። እንዲህ ያለው ሰው ልጆቹ ገባቸው አልገባቸው ምን አስጨነቀው? የመጣበት ሥራ ሌላ ነው። እርሱ ግን ከልቡ ተጨንቋል። ተቀመጠና ማሠልጠኛ ውስጥ የተማርሁትን እንዳለ ነገርሁት፤ ከሚያውቁት ጀምር፥ ሥዕል ሣል፥ እንጀራ ሥለህ ለሁለት፥ ለአራት፥ ለስምንት ቍረሰው አልሁት። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለትና ሦስት ማታ ይመጣ ነበር። የትምህርት ዝግጅት እንዴት እንደሚጻፍ፥ ሰሌዳን በመስመር እንዴት እንደሚከፍሉት፥ ልጅን ሳያሳፍሩ እንዴት እንደሚያርሙት አስተማርሁት። እርሱም መልካም ተማሪ ነበር። ለስለላ የመጣን ሰው በፋኖስ ብርሃን መምህር ሳደርግ መክረሜን አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያን ጊዜ ግን፥ እውነቱን ለመናገር፥ ደስ ይለኝ ነበር። የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ መምህር ዝም ማለት አይችልም።

የእንጀራው ትምህርት በተሰጠ ቀን እኔ በሚቀጥለው ክፍል ነበርሁ። በመካከላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ጣራ አይደርስም፤ ሁሉ ይሰማል። «ይህ እንጀራ ለአራት ተቈረሰ። ሦስቱን ቍራሽ ብንበላ ስንት ይቀራል?» ሲል ሰማሁ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ፥ «አንድ አራተኛ!» አሉ። ትንሽ ጸጥታ ሆነና አንድ ልጅ በቀጭን ድምፅ፥ «ጋሼ፥ የቀረው ለማን ነው?» አለ። ማንም አልሳቀም። መልሱን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። በመስኮት ብመለከት አዲሱ መምህር ወጥቶ ከክፍሉ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ጠመኔው በእጁ እንዳለ ነው።

በማግስቱ ከገበያ ቈሎ ገዝቶ በከረጢት አመጣ። ትምህርት ሳይጀመር ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ጭብጥ አደለ። ከዚያ በኋላ ገበያው እህል እስከ ጨረሰ ድረስ በየጧቱ እንዲሁ አደረገ። የመጣበትን ሥራ ተወ ማለቴ አይደለም፤ ስለ መዝገቡ መጠየቁን አላቆመም። አንድ ሰው ሁለቱን ነገር በአንድ ቀን ሊያደርግ መቻሉን በዓይኔ አይቻለሁ። የጠየቀው ልጅ ከፋሲካ በኋላ አልተመለሰም።

በዚያው በበልግ ወራት ከዋና ከተማው ከዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን በወሎ ዞረው ፎቶግራፍ አንሥተው እንደ ሄዱ፥ ፎቶግራፉም በዩኒቨርሲቲው ግቢ እንደ ታየ በሹክሹክታ ደረሰን። ወዲያው ቍጥጥሩ ጠነከረ። በግንቦት አንድ ሐሙስ፥ ከእረፍት በኋላ፥ አንድ ላንድሮቨር ግቢው ውስጥ ገባ። ሁለት ሰዎች ወርደው ወደ አራተኛ ክፍል ሄዱ። ጓደኛዬ ሰሌዳውን አጥፍቶ፥ እጁን ከጠመኔው አራግፎ ወጣ። በእኔ በኩል ሲያልፍ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ወደ ሦስተኛ ክፍል መስኮት ተመለከትሁ። አዲሱ መምህር ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ አልዞረም። ልጆቹ የጻፈውን ጮኸው ያነባሉ።

በሰኔ የመምህራንን የዓመት የሥራ መግለጫ የምሞላው እኔ ነበርሁ። የእርሱን ቅጽ ስሞላ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ለማስተማር ችሎታው ያለውን ከሁሉ የበለጠ ማዕርግ ሰጥቼ ፈረምሁ።

በሚቀጥለው ዓመት የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ. ም. የመምህራን ማኅበር አድማ ሲመታ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሰውየው በዚያ ሳምንት ሻንጣውን ይዞ በጭነት መኪና ሄደ፤ እኔንም ዲሬክተሩንም አልተሰናበተም። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ. ም. ማታ የወሎ ረኃብ ፊልም በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ጓደኛዬ ከእስራት ተፈትቶ በጥቅምት መጣ። ከስቷል፥ ጥርሱም ጐድሏል። ቡና አስፈልቼ ተቀመጥንና ዓመት ከአምስት ወር በሆዴ የያዝሁትን አወጣሁት፤ ሰውየው ማን እንደ ነበረ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንደማውቅ፥ ፈርቼ እንዳልነገርሁት ተናገርሁ። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«እኔም ዐውቅ ነበር» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደ ሆነ አልገባኝም።

«ለጋዜጣ ሁለት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ አልወጣም። አዲስ አበባ ላለ ወንድሜ ላክሁ፤ አልደረሰውም። በዚያች ከተማ ውስጥ የጻፈው ነገር በሳምንቱ ከትልቅ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍለት ሰው እርሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ አንድ ማታ መዝገቦቹን ይዤ ቤቱ ሄድሁና፥ ‹ጻፍ› አልሁት። እያነበብሁለት ገለበጠ፤ በየክፍሉ፥ በየስሙ። የሦስተኛ ክፍሉን ግን ላነብለት ስል፥ ‹እነርሱን ተወኝ› ብሎ ሁሉንም በቃሉ ጻፋቸው።»

«ታዲያ ያሳሰረህ እርሱ ነዋ!» አልሁ።

«ይመስለኛል። ጽሑፉ ደርሷል ማለት ነው። እኔ እህል ይመጣል ብዬ ነበር፤ የመጣው ላንድሮቨር ሆነ» አለና ስኒውን አቀበለኝ። ትንሽ ቈይቶም፥ «የዓመቱን መግለጫ የምትሞላው አንተ አልነበርህም? ምን ብለህ ጻፍህለት?» አለኝ።

አፍሬ ወደ መሬት እያየሁ፥ «እጅግ በጣም ጥሩ ብዬ ነው» አልሁት።

ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያም መዝገቦቹ የት እንደ ደረሱ ጠየቀኝ። ቍልፉ ከእኔ ዘንድ ስለ ነበረ ተነሥተን ወደ ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ሄድን። የእርሱ የአራተኛ ክፍሉ መዝገብ አልነበረም፤ የዚያን ቀን ወስደውታል። የሦስተኛ ክፍሉን አገኘነው። ጓደኛዬ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ገለጠው። የጥሩ ገጽ ጽሕፈት ቍልቍል ይወርዳል። የመጋቢቱ ቀና ብሏል። ከግንቦት ጀምሮ፥ ከእስራቱ በኋላ ባሉት ገጾች ላይ፥ በማስመሪያ ቀጥ ተደርጎ የተሰመረ አንድ ዓምድ አለ፤ ከላዩ በዚያው ሰው እጅ «የቀረበት ምክንያት» ተብሎ ተጽፏል፥ ከሥሩም እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ አንድ ስም ሳይዘለል ተሞልቷል።