«ገና ፍሬሽ ነህ!»

እናንተዬ፣ የመጀመሪያ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ሆኖ «ምርምር ልሥራ» ብሎ የመምህር ቢሮ ማንኳኳት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የሞከረ ያውቀዋል። እኔ ሞክሬዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በአንድ ሳምንት ሦስት ቢሮ አንኳኳሁ። የሦስቱም መልስ አንድ ነበር፤ «ገና ፍሬሽ ነህ፤ መጀመሪያ ካልኩለስህን እለፍ!»

አንገቴን ደፍቼ ካዛንቺስ ሰፈሬ ስገባ እናቴ ጀሪካኖቿን ደርድራ ውሃ ትጠብቃለች። ብሶቴን ብነግራት ሳቀችብኝ። «አንተ ልጅ፣ ምርምር ምርምር ትላለህ፤ ይሄ ውሃ መቼ እንደሚመጣ እንኳ አትነግረኝም!» አለች።

ለእሷ ቀልድ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ አንድ ደብተር ገዛሁና ውሃው የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት የፈጀውን ጊዜ መጻፍ ጀመርኩ። የእኛ ቧንቧ 4 ደቂቃ ይፈጃል፤ በደቂቃ 5 ሊትር ማለት ነው። ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ የምትኖረው አክስቴ ዘንድ ግን ያው ጀሪካን በ2 ደቂቃ ጢም ይላል። ምክንያቱን ያገኘሁት መሰለኝ፤ ቧንቧው 10 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር የቆመ ውሃ ግፊት በ1 ባር ገደማ ይጨምራላ!

ሦስት ወር ጽፌ ከሦስቱ መምህራን ወደ አንዱ ተመለስኩ። ደብተሩን ገጽ በገጽ አገላበጡት። «የቧንቧዎቹን ስፋትስ ለክተሃል? ቁልቁለቱ ብቻ ነው ብለህ እንዴት ፈረድክ?» አሉኝ። አፈርኩ። እሳቸው ግን ደብተሩን እየመለሱልኝ «ቅዳሜ ላብራቶሪ ና» አሉ።

ሥራው ምን መሰላችሁ? ባልዲ ማጠብ፣ ወለል መወልወል፣ የማስተርስ ተማሪዎች በቧንቧ የሚያልፈውን ውሃ ሲለኩ ሰዓት መያዝ። ሳንቲም የለውም። ደስታዬ ግን ወደር አልነበረውም።

በዚያ ደስታ ደብተሬን ረሳሁት። «ክረምቱን ለከርሞ እለካለሁ» አልኩ። ምን ያደርጋል! 2017 ሲገባ ካዛንቺስ ለልማት ፈረሰ። ግቢያችንም አብሮ ሄደ፤ እኛም ወደ ከተማው ዳር ወጣን። ደብተሬ ውስጥ በጋው አለ፣ ክረምቱ የለም። ያንን ቧንቧ ከእንግዲህ ማንም አይለካውም።

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ባዶ እጃችሁን «ዕድል ስጡኝ» ብላችሁ በር አታንኳኩ። ከሰፈራችሁ አንድ ጥያቄ አንሱ፣ ለኩ፣ ጻፉ፤ ከዚያ ሂዱ። ብትሳሳቱም የሚያርማችሁ ታገኛላችሁ። የጀመራችሁትን ግን ለከርሞ አታሳድሩ።

እናቴ አዲሱ ሰፈርም ጀሪካኖቿን ደርድራለች። እኔም ሌላ ደብተር ገዝቻለሁ።