የነጻ በር ዋጋ

በአማርኛችን «ነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ ይኖራል። አንድም ከባርነት የወጣ፣ አንድም ዋጋ የማይከፈልበት ማለት ነው። ለመሆኑ ዋጋ የማይከፈልበት ነገር አለን? ጥያቄውን ያነሣብኝ በዋሽንግተን ከተማ የሚገኘው፣ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት የሚባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው።

በሩ ላይ ትኬት የሚቆርጥ የለም። ቦርሳዬ ተፈተሸ፤ ገባሁ። በአንደኛው ክፍል መግለጫውን ሳላነብ ያወቅሁት ሥዕል ገጠመኝ፦ በነጭ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ፣ ከበስተኋላው አንዲት ልጃገረድ ተንበርክካ ስትጸልይ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እያየናቸው ያደግናቸው ቅዱስ ጊዮርጊስና ብሩታዊት ናቸው! ጣሊያናዊው ራፋኤል በ1506 ግድም (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሣለው ይህ ሥዕል ከአንድ የደብተር ገጽ እምብዛም አይበልጥም።

ሥዕሉ ቀድሞ የሩሲያ ነገሥታት ሀብት ነበር። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ በሌኒንግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ያለው የሄርሚታዥ ሙዚየም ከነንብረቱ «የሕዝብ» ተባለ። ይሁን እንጂ የስታሊን መንግሥት ለፋብሪካ ማሽን መግዣ የውጭ ምንዛሪ ሲቸግረው፣ በ1930 እና በ1931 ከዚያ ሙዚየም ሃያ አንድ ሥዕሎችን በምስጢር ሸጠ። ገዢው አንድሩ ሜለን ነበር፤ ከአሜሪካ ታላላቅ ከበርቴዎች አንዱ፣ በዚያውም ላይ የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስትር! «የአልባ ማዶና» የተባለችው ሌላዋ የራፋኤል ሥዕል ብቻ 1,166,400 ዶላር አወጣች። በሠርቶ አደሩ ስም የሚምል መንግሥት ሠርቶ አደሩን ሳይጠይቅ ንብረቱን ለከበርቴ ሸጠ ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ከበርቴ ደግ፣ አብዮተኛ ክፉ የሚል ትምህርት የሚያወጣ አንባቢ ካለ ግን ቸኩሏል። ሜለንም ግዢውን ለሕዝብ አላሳወቀም፤ በግብር ጉዳይም ከመንግሥት ጋር ሲሟገት ቆይቶ፣ ከማጭበርበር ክሱ ነጻ የተባለው በ1937 ዓ.ም. ከሞተ ከወራት በኋላ ነው። ሆኖም ስብስቡንና የሕንጻውን ወጪ ለአገሩ ሰጠ፤ ሙዚየሙም በስሙ እንዳይጠራ አደረገ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1941 የመረቁትን ሕንጻ ሳያየው ቀረ።

ለእኔ ከስጦታው ይልቅ የሚደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1937 ስጦታውን በሕግ ተቀብሎ፣ ሙዚየሙ ያለ ክፍያ ክፍት እንዲሆን የመንከባከቢያውን ወጪ መንግሥት እንዲሸፍን ቃል ገባ። በዚያ በር ያለ ትኬት የገባ እንግዳ ዋጋው አስቀድሞ በግብር ከፋዩ ተከፍሎለታል። ይህም ቢሆን ዘላለማዊ ዋስትና አይደለም፤ ፖለቲከኞች በበጀት ሳይስማሙ ሲቀሩ፣ በጃንዋሪ 2019 በሩ ተዘግቶ ነበር። ልዩነቱ፣ የዋሽንግተኑ በር ሲዘጋ አገር ሁሉ አውቆ ጠየቀ፤ የሌኒንግራዱ ሥዕል ከግድግዳው ሲወርድ ግን ባለቤት የተባለው ሕዝብ አልሰማም።

እኛም «የሰፊው ሕዝብ» የተባለ ነገር ቁልፉ በማን ኪስ እንደሚገባ ያየን ሰዎች ነን። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። ሕዝብ ባለቤት ነው ብሎ ማወጅ ቀላል ነው፤ ባለቤት የሚሆነው ግን ሳይጠየቅ ንብረቱን መሸጥ የማይቻል ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ «ይህ የሕዝብ ነው» የሚል ሰው በመጣ ቁጥር ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ በየትኛው ሕግ? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ሊሸጥ ቢታሰብስ ማን ይሰማል? መልስ ከሌለው ባለቤቱ እኛ አይደለንም።

ቸር ይግጠመን።