ተዳፋቱ ሕግ አለው፤ ሜዳውስ?

መቼም ጎንደር ሜዳ አልታደለችም። ዳገት ላይ ስለተቆረቆረች «ልስፋ» ስትል ያላት መንገድ ቁልቁል ወደ ደቡብ ነው፤ ወደ አዘዞ፣ ከዚያም ወደ ጠዳ። ጠዳ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ከገባች ቆይታለች። ችግሩ፣ እዚያ ያለው ሜዳ ጤፍና ሽንብራ የሚያበቅል ጥቁር አፈር መሆኑ ነው።

አጎቴ እዚያው አካባቢ ያርሳሉ። ባለፈው «አንች ጋዜጠኛ ነሽ አይደል?» ብለው ያዙኝና (ተመርቄ ሥራ ፈላጊ መሆኔን ማስረዳት ካቆምኩ ቆየሁ) «ዳገቱን አትረስ አሉኝ፣ ተውኩት። አሁን ደግሞ ሜዳውን ቤት ሊበላብኝ ነው። የቱን ልረስ?» አሉኝ።

«ዳገቱን አትረስ» የሚለው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት ከለከለ። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ያለ እርከን አይታረስም አለ። ደግ አደረገ! ከዳገት የታጠበ አፈር የት እንደሚያርፍ ማወቅ የፈለገ፣ ጎንደር ውኃ የምትቀዳበትንና በደለል የተቸገረውን የአንገረብ ግድብ ይይ።

ሜዳውስ? ለሜዳው የተረፈው የካሣ ሒሳብ ነው። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከሦስት ዓመት ውስጥ ትልቁን ገቢ መርጦ በ15 አባዛው። መሻሻሉን አልክድም። ግን ሁለቱም የቆጠሩት እህሉን ነው። ያው መሬት ከተማ ውስጥ ሲገባና ለሊዝ ጨረታ ሲወጣ የሚቆጠረው በካሬ ሜትር ነው። በእህልና በካሬ ሜትር መካከል ያለውን ልዩነት ከማናችንም በፊት ያሰላው ደግሞ ደላላው ነው!

«መንግሥት ሳይወስድብዎ ይሽጡት» ይላል። መሬት እንደማይሸጥ ሕገ መንግሥቱ፣ አንቀጽ 40፣ ደንግጓል። ቢሆንም በማግስቱ የጨረቃ ቤት ቆሞ ታገኙታላችሁ። ገበሬውን «ሕገወጥ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን በአጎቴ ቦታ ብሆን ሳልፈተን አልቀርም።

ደባርቅንም አስቡ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ ነዋሪዎች ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ወጥተው እዚያ ሰፈሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ተሰረዘ። ተራራው እፎይ ሲል ከተማው ሰፋ ማለት ነው።

ለተዳፋት በመቶኛ መስመር ማስመር የተቻለውን ያህል ለጥቁር አፈርም ማስመር ይቻላል ባይ ነኝ። ክልሉ ቤቱን እህል ወደማያበቅለው ድንጋያማ ቦታ ይምራው። «ድንጋይ ላይ መንገድና ውኃ ማስገባት ይወደዳል» ትሉኝ ይሆናል። ጥቁር አፈርም እኮ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። ዋልካ ላይ ቤት የሠራ ሰው ካወቃችሁ ጠይቁት።