ስለ መስተዋት ምርመራ

ከጣርማ በር ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ ሁሉ የይፋት ቆላ ፀሐይ ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነች ያውቃል። እናቴ ግን በዚህች ፀሐይ አገር ዕድሜያቸውን ሁሉ በእንጨት ጢስ ላይ ጐንበስ ሲሉ ኖረው ዐይናቸው ስለ ደከመ፥ ባለፈው በጋ በፀሐይ የሚያበስል ምድጃ ልሠራላቸው ቃል ገባሁ።

ሠላሳ ስድስት ቁራጭ መስተዋት በጐድጓዳ ብረት ላይ ለጥፌ፥ ብርሃኑ ሁሉ በመካከል በተንጠለጠለው ድስት ላይ እንዲያርፍ አሰናዳሁ። ነገር ግን ከረፋዱ እስከ ቀትር ብንጠብቅ ንፍሮው ሳይፈላ ቀረ። እኔም አፍሬ በደመና አሳበብሁ፤ ሰማዩ ግን የጠራ ነበር። እናቴም፥ «ልጄ፥ ሁሉም ባንድነት ሲናገሩ ያጠፋው አይታወቅም፤ አንድ በአንድ ጠይቃቸው» አሉኝ።

እንደ ቃላቸውም ዐይኔን ከነጸብራቁ እየጠበቅሁ፥ መስተዋቶቹን በጨርቅ ሸፍኜ በየተራ ብገልጣቸው፥ ዐሥራ አንዱ ብርሃናቸውን ከድስቱ ውጭ ሲጥሉ ተገኙ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ መስተዋት 1 ዲግሪ ቢያዘነብል የሚመልሰው ብርሃን 2 ዲግሪ ይስታል። ይህም ስሕተት በ1 ሜትር ርቀት 3 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፥ በ100 ሜትር ግን 3 ሜትር ተኩል ይሆናል።

በፀሐይ ሙቀት መሥራት ለአፍሪካ እንግዳ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ፍራንክ ሹማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. በካይሮ አጠገብ በማዓዲ ፀሐይን በመስተዋት ሰብስቦ የዓባይን ውሃ ለመስኖ አውጥቶበት ነበር። በሞሮኮም በዋርዛዛት አጠገብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀው ጀምሮ ታላላቅ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ተሠርተዋል። እንዲህ ላለ ሥራ መሐንዲሶች መሥመር የተሠመረበትን ሥዕል በመስተዋቱ ፊት አድርገው፥ በውስጡ የታየውን መልክ በካሜራ ያነሣሉ፤ መሥመሩም መታየት ከሚገባው ቦታ በራቀ መጠን የመስተዋቱ ጠማማነት ይሰላል።

እኔም ዐሥራ አንዱን ካቀናሁ በኋላ በማግሥቱ ንፍሮው ፈላ፤ እናቴም ቀምሰው መረቁኝ። እንጀራ ግን ዛሬም በእንጨት ይጋገራል፤ የደከመው ዐይናቸውም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ይህንን አስቀድሜ ሠርቼው ቢሆን እያልሁ ዘወትር እጸጸታለሁ።

ስለዚህ የቤት አባወራም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሹም፥ የጀመረው ሥራ በተሰናከለ ጊዜ በሰማይ ከማሳበቡ በፊት በእጁ ያለውን አንድ በአንድ ይመርምር።